ሞድ በጊታር ሶሎ፦ የምታውቁት ፔንታቶኒክ እና ሁለት ኖታ

ጊታር ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ሞድን (የአንድ ስኬል ኖታዎች ማረፊያቸው ሲቀየር የሚይዙትን ቀለም) ለብቻው ሞክሮ የመጣ ሁሉ ቅሬታው አንድ ነው። «ሲ ሜጀር ስኬልን ከዲ ጀምረህ ተጫወተው፣ ዶሪያን ይሆናል ተባልኩ። ተጫወትኩት። ያው ሲ ሜጀር ነው!» ልክ ናቸው። ጆሯቸው አልዋሸም። ከኋላ የሲ ኮርድ እየተመታ ከዲ ብትጀምሩም፣ ከኤፍ ብትጀምሩም፣ የምትጫወቱት ሲ ሜጀር ነው። ሞዱን የሚወስነው ጣታችሁ የጀመረበት ኖታ አይደለም። ከሥር ያለው ባስ ወይም ኮርድ ማረፊያ ያደረገው ኖታ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ነገር የሚመዘዝ ነው። ሰባት ዓይነት ቀለም የተቀባ የፍሬትቦርድ ሥዕል አልሰጣችሁም። እንደዚያ ያለውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሶሎው የተሻሻለለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ማይነር ፔንታቶኒክን (ባለ አምስት ኖታውን ስኬል) አምስተኛው ፍሬት ላይ መጫወት የምትችሉ ከሆነ መነሻው አላችሁ።

ለንባብ እንዲመች፦ ኖታዎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ስማቸው ነው የምጠራቸው። ኤ ስል ላ ነው፣ ኢ ስል ሚ፣ ሲ ስል ዶ። ኤ እና ኢ በጽሑፍ ስለሚመሳሰሉ እዚያ ላይ ቀስ በሉ። አንደኛ ክር ቀጭኑ፣ ስድስተኛ ክር ወፍራሙ ነው። ጊታሩ በተለመደው ቅኝት ይሁን።

መጀመሪያ በጆሮ

አንደኛው ክር ላይ ብቻ እነዚህን ፍሬቶች ተጫወቱ፦ ባዶውን፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10፣ 12። ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ናቸው። ሻርፕም (አንድ ፍሬት ከፍ ያለ) ፍላትም (አንድ ፍሬት ዝቅ ያለ) የለባቸውም።

አሁን በአውራ ጣታችሁ አምስተኛውን ክር ባዶውን ምቱና ይጮህ። ኤ ነው። እሱ እየጮኸ በአንደኛው ክር ላይ እንዳሻችሁ ተንሸራሸሩ። የምትሰሙት የተለመደውን ሐዘን ያዘለ ማይነር ነው፤ ስሙ ኤኦሊያን ነው። ሲደክም አምስተኛውን ክር እንደገና ምቱት።

ከዚያ አውራ ጣታችሁን ወደ አራተኛው ክር አዙሩ። ዲ ነው። በአንደኛው ክር ላይ የምትጫወቷቸውን ኖታዎች አትቀይሩ። አሁንም ማይነር ነው፣ ግን ሐዘኑ ቀለል ብሏል፤ ዶሪያን ሆኗል። ስድስተኛውን ክር ስትመቱ ደግሞ ማረፊያው ኢ ይሆናል። አንደኛው ፍሬት ላይ ያለው ኤፍ ከሱ በግማሽ ድምፅ (በአንድ ፍሬት) ብቻ ስለሚርቅ ነገሩ ወዲያው ይጨልማል። ፍሪጂያን ይሉታል። ሦስተኛውን ክር ሞክሩ፣ ጂ ነው፤ ሜጀር ሆነ፣ ግን ትንሽ ብሉዝ ብሉዝ ይላል። ሚክሶሊዲያን ነው።

ስምንተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ሲ ይዛችሁ ቆዩና ከሥሩ ክሮቹን እየቀያየራችሁ ምቱ። በኤ ላይ ተረጋግቶ ይቀመጣል። በዲ ላይ ይንጠለጠላል። በጂ ላይ ወደ ቢ ውረድ ውረድ ይላል። ጣታችሁ አልተንቀሳቀሰም፤ የኖታው ሥራ ግን ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ሰባት ሰዎች ያሉበት አንድ ቤት አድርጋችሁ አስቡት፦ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ አባወራው ሲቀየር የሌሎቹ ዝምድና ሁሉ ይቀየራል።

ይህን ሙከራ ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ያለ አምፕ እሠራዋለሁ። ዛሬም አልሰለቸኝም። ከየትኛውም የቲዎሪ ገለጻ በፊት ቢያንስ አንድ ምሽት ስጡት።

ፔንታቶኒኩ ላይ የሚጨመሩት

አሁን ማረፊያውን ኤ ላይ እንትከለውና እዚያው ቆመን ሞዶቹን እንቀያይር። ለሶሎ የሚጠቅመው ይሄኛው መንገድ ነው።

ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ አምስት ኖታ ነው፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ሙሉ ስኬል ሰባት ስለሆነ ሁለት ኖታ ጎድሏል። የጎደሉት ሁለተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ሦስቱ ማይነር ሞዶች የሚለያዩት እነዚህን ሁለት ክፍት ቦታዎች በሚሞሉበት መንገድ ብቻ ነው። ቢ እና ኤፍ ሻርፕ ከጨመራችሁ ዶሪያን። ቢ እና ኤፍ ከጨመራችሁ ኤኦሊያን። ቢ ፍላት እና ኤፍ ከጨመራችሁ ፍሪጂያን።

ሜጀሮቹም እንዲሁ ናቸው። ኤ ሜጀር ፔንታቶኒክ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ነው። የጎደሉት አራተኛውና ሰባተኛው ናቸው። ዲ እና ጂ ሻርፕ ከገቡ ተራው ሜጀር፣ ማለትም አዮኒያን ነው። ዲ እና ጂ ከገቡ ሚክሶሊዲያን። ዲ ሻርፕ እና ጂ ሻርፕ ከገቡ ሊዲያን።

በቃ፣ ስድስቱ እነዚህ ናቸው። አንዷ ተማሪዬ ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ባሳየኋት ጊዜ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የማውቀው ቦክስ ነው!» አለችኝ። ቦክስ ያለችው የፔንታቶኒኩን የጣት አቀማመጥ ነው። አዎ፣ ምን መስሏት ነበር? ብሉዝ ጥሩ አድርጋ ትጫወታለች። ሞድ ማለት የምታውቀውን ሁሉ ጥላ ከዜሮ የምትጀምረው ሌላ ዓለም ነው ብሎ ያስፈራራት ሰው ነበር።

ሰባተኛው ሎክሪያን ነው። አምስተኛው ኖታ ዝቅ ስለሚል ማረፊያው ኮርድ ራሱ አይረጋም። መድረክ ላይ የፈለግሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እለፉት።

ዶሪያን ላይ ቆይታ

ከአንዱ ጀምሩ ከተባለ እኔ ዶሪያንን ነው የምመርጠው። ለፔንታቶኒክ ተጫዋች በጣም ቅርብ ነው፣ ለውጡም ቶሎ ይሰማል።

የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ኮርዶች ናቸው፦ ኤ ማይነር ሰቨን እና ዲ ሰቨን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ባር። ካርሎስ ሳንታና እ.ኤ.አ. በ1970 በቀረጸው «ኦዬ ኮሞ ቫ» ላይ የምትሰሙት መሠረት ይኸው ነው። ከዚያ ዝግ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ የማይልስ ዴቪስን «ሶ ዋት» ስሙ፣ 1959 ነው። አሥራ ስድስት ባር ዲ ዶሪያን ላይ ይቆያል፣ ስምንት ባር ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ኢ ፍላት ዶሪያን ይሆናል፣ ስምንት ባር ተመልሶ ዲ ላይ ይዘጋል። የኮርድ ጋጋታ ስለሌለ ሞዱ ራሱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ዲ ሰቨን ለምን አስፈለገ? ውስጡ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ እና ሲ ስላሉ ነው። ዶሪያንን ዶሪያን ያደረገው ኤፍ ሻርፕ ኮርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ባንዱ ይናገራል፣ እናንተ ታረጋግጣላችሁ።

አምስተኛው ፍሬት ቦክስ ላይ ኤፍ ሻርፕ ሁለት ቦታ ይገኛል፦ ሁለተኛው ክር 7ኛ ፍሬት እና አራተኛው ክር 4ኛ ፍሬት። ቢ ደግሞ አንደኛውና ስድስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ፣ እንዲሁም ሦስተኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ነው። የሁለቱ ሥራ ይለያያል። ቀለሙን የሚሰጠው ኤፍ ሻርፕ ነው። ቢ ኤኦሊያን ውስጥም ስላለ ለይቶ አይናገርም፤ ግን ኤ ማይነር ላይ አንደኛው ክር 7ኛ ፍሬትን ይዛችሁ ብትቆዩበት ደስ የሚል ክፍት ድምፅ አለው።

ይህን ሐረግ ተጫወቱ። ሁለተኛው ክር ላይ 8፣ 7፣ 5። ሦስተኛው ክር ላይ 7፣ 5። ከዚያ አራተኛው ክር 7 ላይ እረፉ። ጂ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኢ፣ ዲ፣ ሲ፣ ኤ ነው። አሁን ያንኑ ሐረግ ድገሙት፣ ነገር ግን ሁለተኛው ክር ላይ በ7 ፈንታ 6ን ንኩ። ኤፍ ሆነ፣ ኤኦሊያን ገባ። አንድ ፍሬት ብቻ ነው የተቀየረው። ከኋላ ዲ ሰቨን እየተመታ ከሆነ አዲሱ ኤፍ ኮርዱ ውስጥ ካለው ኤፍ ሻርፕ ጋር ሲጋፋ ይሰማችኋል። ኮርዱን ወደ ኤፍ ሜጀር ቀይሩትና እንደገና ሞክሩ፤ አሁን ኤፍ ቦታውን አገኘ፣ የሚጋፋው ኤፍ ሻርፕ ሆነ።

ኤፍ ሻርፕን የት ጊዜ ላይ እንደምታስቀምጡት ደግሞ የኖታውን ያህል ወሳኝ ነው። ኤ ማይነር ላይ ስትይዙት ይንሳፈፋል። ዲ ሰቨን ሲገባ በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ብታሳርፉት ግን የኮርዱ ሦስተኛ ስለሆነ ግጥም ይላል። እኔ የምወደው በቤንድ (ክሩን በመጎተት) መምጣት ነው። ሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ኢን ምቱ፣ ዲ ሰቨን ሊገባ ሲል ሙሉ ድምፅ (የሁለት ፍሬት ያህል) ጎትቱት፣ ኮርዱ ሲቀየር ኤፍ ሻርፕ ላይ ደርሶ ይገኝ። 7ኛውን ፍሬት ቀድማችሁ ንኩና ግቡን በጆሯችሁ ያዙ፤ አለዚያ ቤንዱ ሳይደርስ ይቀራል።

ሁለቱን ኖታ አገኘሁ ብላችሁ ስኬሉን ከላይ እስከ ታች አትውረዱት። ሰባቱን በተርታ መጫወት ልምምድ እንጂ ሶሎ አይደለም። አራት ባር ውስጥ ሦስቱን ባር በፔንታቶኒክ አውሩ፣ አንዴ ብቻ ኤፍ ሻርፕን ጣል አድርጉ። ሰሚው የሚነቃው ያኔ ነው።

ሚክሶሊዲያን

ኮርዶቹ ኤ፣ ጂ፣ ዲ። ሮክ ውስጥ ሞልቷል። ማረፊያው ሜጀር ነው፣ ሰባተኛው ግን ዝቅ ብሏል፦ ጂ ሻርፕ የለም፣ ጂ ነው ያለው። አራተኛው ክር 5ኛ ፍሬት እና ሁለተኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ ታገኙታላችሁ። የጂ ኮርድ ሲገባ እዚያ ላይ እረፉ፤ የኮርዱ ሩት (መሠረት ኖታ) ስለሆነ አይስትም።

እዚህ ላይ ማይነር ፔንታቶኒኩንም መቀላቀል ይቻላል። ሦስተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ሲ በግማሽ ድምፅ ጎተት አድርጉት፣ ሲ ሻርፕ ይሆናል። ይህች ትንሽ ጉተታ የብሉዝ ጊታር ነፍስ ናት።

ብሉዝ ካነሳን፦ ኤ ሰቨን፣ ዲ ሰቨን እና ኢ ሰቨን ላይ አንድ ሚክሶሊዲያን ለሦስቱም አይሆንም። ዲ ሰቨን ውስጥ ያለው ሲ ነው፣ ሲ ሻርፕ አይደለም። ስለዚህ ኮርዱ ወደ ዲ ሲሄድ ሲ ሻርፑን ወደ ሲ አውርዱት፣ ወደ ኤ ሲመለስ መልሱት። ይህችን አንዲት ለውጥ በጊዜዋ የሚያደርግ ሰው ሞዶቹን ሁሉ በቃሉ ከሚዘረዝረው ይልቅ የሙዚቃ ሰው መስሎ ይሰማል።

ሊዲያን እና ፍሪጂያን

ሊዲያንን ለመስማት ባሱን ኤ ላይ አቁማችሁ ኤ ሜጀር እና ቢ ሜጀርን ቀያይሩ። መለያው ዲ ሻርፕ ነው፣ አምስተኛው ክር 6ኛ ፍሬት ወይም ሦስተኛው ክር 8ኛ ፍሬት። ዲን አትንኩ፤ አንዴ ከነካችሁት ወደ ተራው ሜጀር ትወድቃላችሁ። ጆ ሳትሪያኒ እ.ኤ.አ. በ1989 «ፍላይንግ ኢን ኤ ብሉ ድሪም» ላይ የሠራበት ቀለም ይህ ነው። ያምራል፣ ግን ሲበዛ ቶሎ ይሰለቻል ባይ ነኝ።

ፍሪጂያን ለማግኘት ኤ ማይነር እና ቢ ፍላት ሜጀርን ቀያይሩ። አንደኛው ክር ላይ 6ን ምቱና ወደ 5 ፑል ኦፍ አድርጉ (ጣታችሁን ክሩን እየነቀላችሁ አንሱ)። ሁሉ ነገር እዚያች ግማሽ ድምፅ ውስጥ ነው። ሜታል ተጫዋቾች ይወዱታል። ፍላሜንኮ ውስጥ ደግሞ ማረፊያው ኮርድ ሜጀር ስለሚሆን ሲ ሻርፕም ይገባል።

ኮርዶቹን አይቶ ሞዱን ማወቅ

ዘፈን ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የትኛው ኮርድ ላይ «አለቀ» የሚል ስሜት እንዳለ ስሙ። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ኮርድ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ያ ኮርድ ማይነር ነው ወይስ ሜጀር? ይህን ስታውቁ ፔንታቶኒካችሁ ታወቀ። ቀጥሎ የቀሩትን ኮርዶች ኖታ ዘርዝሩና የጎደሉትን ሁለት ቦታዎች ማን እንደሞላቸው እዩ።

ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ ከሆነ ኤፍ አለ፣ የጂ ኮርድ ውስጥ ደግሞ ቢ አለ። ኤኦሊያን። ኤ ማይነር እና ዲ ሜጀር ከሆነ ኤፍ ሻርፕ አለ። ዶሪያን። ኤ ማይነር እና ጂ ብቻ ከሆነስ? ቢ ታወቀ፣ ስድስተኛው ግን የትም የለም። ያኔ ዶሪያንም ኤኦሊያንም ይሄዳል፤ ምርጫው የእናንተ ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያው ዙር ኤፍን፣ በሁለተኛው ኤፍ ሻርፕን እጠቀማለሁ። ባሲስቱ ቀና ብሎ ያየኛል።

አንድ ወጥመድ አለ። ኤ ማይነር፣ ዲ ሰቨን፣ ጂ የሚል ቅደም ተከተል ስታዩ «ኤ ዶሪያን፣ ከዚያ ዲ ሚክሶሊዲያን፣ ከዚያ ጂ አዮኒያን» እያላችሁ አትቁጠሩ። የሦስቱም ኖታዎች አንድ ናቸው፣ ማረፊያውም ጂ ነው። ጂ ሜጀር ነው፣ አበቃ። እዚያ ላይ የሚረዳችሁ የየኮርዱን ሦስተኛ ኖታ ማሳደድ ነው፦ ኤ ማይነር ላይ ሲ፣ ዲ ሰቨን ላይ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ላይ ቢ። ሞድ የሚጠቅመው ሙዚቃው አንድ ማረፊያ ላይ ቆየት ሲል ነው። ኮርዶች ቶሎ ቶሎ የሚሮጡበት ቦታ ላይ ስሞቹ ጭንቅላት ከማዞር ሌላ ጥቅም የላቸውም።

ልምምዱ

ስልካችሁ ላይ የራሳችሁን ባኪንግ (ማጀቢያ) ቅረጹ። ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርጉና አምስተኛውን ክር ባዶውን ከአራተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ጋር ብቻ እየመታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ቅረጹ። ኤ እና ኢ ነው። ሦስተኛው ኖታ ስለሌለ ሜጀርም ማይነርም አይደለም፣ ስለዚህ ስድስቱም ሞዶች ይሄዱበታል። በአንዱ ሞድ ቆይታችሁ ወደ ሌላው ተሻገሩ፣ ግን አንድ ኖታ ብቻ እየቀየራችሁ። ከብሩህ ወደ ጨለማ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከሊዲያን ዲ ሻርፕን ወደ ዲ ስታወርዱ አዮኒያን። ጂ ሻርፕን ወደ ጂ ስታወርዱ ሚክሶሊዲያን። ሲ ሻርፕን ወደ ሲ፣ ዶሪያን። ኤፍ ሻርፕን ወደ ኤፍ፣ ኤኦሊያን። ቢን ወደ ቢ ፍላት፣ ፍሪጂያን።

እየተጫወታችሁ አንጎራጉሩ። ድምፅ አያስፈልግም፣ ኖታውን ከጣታችሁ በፊት በጉሮሯችሁ ማግኘት ነው የሚፈለገው። መለያውን ኖታ ሳትነኩት በፊት ማንጎራጎር ከቻላችሁ ሞዱ ገብቷችኋል።

ማይነር ዘፈን ላይ ሞዱን አግኝታችሁ፣ ሁሉም ተስማምቶ፣ አንድ ኮርድ ላይ ድንገት ሊጣመም ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኢ ሰቨን ነው። ውስጡ ጂ ሻርፕ አለ፣ ከማይነር ሞዶቹ ውስጥ ግን ጂ ሻርፕ ያለው አንድም የለም። ሞድ አትቀይሩ። ያ ኮርድ ሲመጣ ብቻ ጂ የነበረውን አንድ ፍሬት ከፍ አድርጉ። አንደኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ጂ ሻርፑን ያዙና ኤ ማይነር ሲመለስ ወደ 5ኛው ተንሸራተቱ።